ማሳሰቢያ፦ ለክረምት አገር ቤት ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ አሜሪካ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተጓዥ የምትሰጠው ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግልና አንዴ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ዲፕሎማቶችና ጥቂት ሌሎች ሲቀሩ፣ ለትምህርት የሚሰጠው ኤፍ-1ም ሆነ ለምርምርና ለልውውጥ የሚሰጠው ጄ-1 በዚሁ ውስጥ ገብተዋል። ዜናው በወጣ ሰሞን ብዙ ተወራበት። ከዚያ ተረሳ። የሚያሳስበኝ ይህ መረሳቱ ነው። ቪዛ ተመታልን ብለው ልጃቸውን ቦሌ የሚሸኙ ወላጆች፣ እዚያ የሚቀበሉ ዘመዶች፣ አንዳንዴም መምህራኖቻቸውን ለሦስተኛ ዲግሪ የሚልኩ ዩኒቨርሲቲዎች ጉዞውን የሚያስቡት አሁንም በድሮው መንገድ ነው። ልጁ በየክረምቱ እየመጣ፣ ዘመድ አይቶ የሚመለስ ይመስላቸዋል።

እንደ ድሮው አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ ነው። ከገቡ በኋላ እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል የሚወስኑት ሌሎች ሰነዶች ናቸው። እነሱም ድንበር ላይ የሚመዘገበው አይ-94 እና ተቋሙ የሚሰጠው ቅጽ፣ ማለትም ለኤፍ-1 አይ-20፣ ለጄ-1 ደግሞ ዲኤስ-2019 ናቸው። ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ቀኑ ስላለፈ ብቻ ተማሪው ሕገወጥ አይሆንም። የሙሉ ጊዜ ትምህርቱን እስከተከታተለና ቅጹን ሳያልፍበት እስካሳደሰ ድረስ መማሩን ይቀጥላል። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑ ሲያልፍ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውን ገንዘብ የሚያደርግ ጉዳይ አስፈጻሚም አያጣም። አደጋው ያለው በመቆየት ሳይሆን በመውጣት ነው።

አንዴ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ተማሪ ለክረምት አዲስ አበባ ሲደርስ በእጁ ላይ የሚመልሰው ቪዛ የለም። ለመመለስ እንደገና የቪዛ ማመልከቻ ቅጹን ዲኤስ-160ን ይሞላል፣ እንደገና 185 ዶላር ይከፍላል፣ እንደገና ቀጠሮ ይጠብቃል፣ እንደገና ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ቆንስሉ ጉዳዩን ከሀ ጀምሮ ሊያየው ይችላል። የአሜሪካ ሕግ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቀውን ሁሉ ሌላ ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ እዚያው ሊቀር እንዳሰበ ሰው ይቆጥረዋል፤ ማስረዳቱ የአመልካቹ ሸክም ነው። አምና መፈቀዱ ለዘንድሮ ዋስትና አይሆንም። ባይከለከል እንኳ «ተጨማሪ ማጣሪያ ያስፈልጋል» ተብሎ ማብቂያው በማይታወቅ ጥበቃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እሱ አዲስ አበባ ሆኖ ኢሜይሉን በየሰዓቱ ሲከፍት ትምህርቱ ይጀመራል፣ በረዳት መምህርነት የሚያገኘው ክፍያ ለሌላ ይሰጣል፣ የተከራየው ቤት ኪራይ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ከአገር የወጣበት ጊዜ ከአምስት ወር ካለፈ ደግሞ የተማሪነት መብቱ ራሱ ይቋረጥና አዲስ አይ-20፣ አዲስ የ350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ ይጠየቃል።

ናይሮቢ ወይም ዱባይ ሄዶ ማመልከት ይቻላል የሚል ምክር አሁንም ሲሰጥ እሰማለሁ። ጊዜው ያለፈበት ምክር ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት አመልካች ቃለ መጠይቁን መያዝ ያለበት በዜግነት አገሩ ወይም በሕጋዊ መኖሪያው ነው። ኬንያ የማይኖር ኢትዮጵያዊ ናይሮቢ ቢቀርብ ገንዘቡን ከፍሎ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። በመኪና ካናዳ ደርሶ መመለስም ከአገር መውጣት ነው። ለአጭር ጉዞ የተፈቀደ አሠራር አለ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ብዙ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲያችሁን የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቁ አትሻገሩ።

በተለይ የሚያሰጉኝ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ጥናታቸው ኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ዳታው ያለው ጎንደር ወይም ጅማ ወይም ቦረና ነው። መምጣታቸው የሥራቸው አካል እንጂ ሽርሽር አይደለም። አማካሪ ፕሮፌሰሩ ግን የሚያውቀው የሕንድ ወይም የብራዚል ተማሪውን ጉዳይ ነው፤ የኢትዮጵያዊው ቪዛ አንዴ ብቻ እንደሚያስገባ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የመስክ ሥራውን ዕቅድ ስታቀርቡ የቪዛውን ጊዜና ወጪ በዕቅዱ ውስጥ አስገቡ። ብትዘገዩ ኮርሱን ማን እንደሚሸፍን፣ ክፍያችሁ እንደሚቀጥል ወይም እንደማይቀጥል ሳትወጡ በጽሑፍ ተስማሙ። አይ-20ው ላይ የዩኒቨርሲቲው የጉዞ ፊርማ መኖሩንም እዩ። ፊርማው ለተማሪ የሚያገለግለው አንድ ዓመት ነው፤ ተመርቆ ኦፒቲ በሚባለው የሥራ ልምምድ ፈቃድ ለሚሠራ ደግሞ ስድስት ወር ብቻ።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተንም የሚመለከት ነገር አለ። «እህትህ ልታገባ ነው፣ ና» የሚለው ጥሪ ከፍቅር ነው የሚመጣው። ዛሬ ግን ያ ጥሪ ልጁን ከትምህርቱ ሊያስቀረው ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ሐዘን ነው። በባህላችን ለባሕር ማዶ ሰው መርዶ የሚነገረው ተጠንቅቀን፣ ሰው ሰብስበን ነው። የተረዳው ልጅ በዚያው ሌሊት ትኬት ሊቆርጥ ይነሳል፤ ማንም አትሂድ ሊለው አይደፍርም። እኔም አትሂድ አልለውም፤ እናቱን ሊቀብር የሚነሳ ሰው ቪዛን ማስቀደም የለበትም። ግን አውቆ ይሂድ። ከመርዶ ነጋሪዎቹ አንዱ በማግሥቱ ዩኒቨርሲቲው ጋር ይደውልለት፤ ፈቃድ፣ የድጋፍ ደብዳቤና የታደሰ የጉዞ ፊርማ ሳይዝ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ያድርግለት። አዲስ አበባ እንደገባም የኤምባሲ ቀጠሮ ሰልስቱ እስኪያልፍ አይቆይ።

ገና ለሚሄዱት ደግሞ ብዙ ሰው ያላሰበው ወጥመድ አለ። ቪዛው የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን አንስቶ ሦስት ወር ነው። አዲስ ተማሪ ወደ አሜሪካ መግባት የሚችለው ደግሞ አይ-20ው ላይ ከተጻፈው የትምህርት መጀመሪያ ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ብቻ ነው። ትምህርቱ ነሐሴ 20 ይጀመራል እንበል። ከሐምሌ 20 በፊት መግባት አይፈቀድም። ቪዛው ሚያዝያ 10 ከተመታ ሐምሌ 10 ያበቃል። በሩ ሳይከፈት ቁልፉ ያረጃል። ማመልከቻ እስከ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል «ቶሎ ግባ» የሚለው ምክር ለሌላ አገር ተማሪ ጥሩ ነው፤ ለኛ ተማሪ ግን ቀኖቹን ካሌንደር ላይ አስቀምጦ መቁጠር ግዴታ ነው። በጣም መዘግየትም ያው አደጋ ስለሆነ ቀጠሮ ስትይዙ የሚሰጠው ቪዛ እስከ መግቢያ ቀናችሁ እንደሚደርስ አስሉ፤ ካልተመቸ ለኤምባሲውም ለዩኒቨርሲቲውም በጽሑፍ አሳውቁ።

ሰነድ ላይ የሚታየው ቸልተኝነትም ቀላል አይደለም። ትራንስክሪፕቱ ላይ የአባት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ይባስ ብሎ የልደት ዘመን አለ። በ1997 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመቱ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይቀየር ቅጽ ላይ ከተሞላ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። የልደት የምስክር ወረቀቱ አንድ ዓመት፣ ፓስፖርቱ ሌላ ዓመት ሲናገሩ ቆንስሉ ስለ አቆጣጠራችን የማሰብ ግዴታ የለበትም። መዋሸት ሊመስለው ይችላል። ፓስፖርታችሁን መነሻ አድርጋችሁ ሌላውን ሁሉ ከሱ ጋር አስተያዩ፤ የተሳሳተውን አስቀድማችሁ አሳርሙ።

የባንክ ስቴትመንትም እንዲሁ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያኔ 20 ሺሕ ዶላር ያህል የነበረው 1 ሚሊዮን 140 ሺሕ ብር በ150 ሲመነዘር 7 ሺሕ 600 ዶላር ብቻ ነው። አባት ለዓመታት ያጠራቀመው ብር ወረቀቱ ላይ አልቀነሰም፤ የሚሸፍነው ትምህርት ግን ቀንሷል። ጉድለቱን በእውነተኛ ስፖንሰር ወይም በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ሙሉት። ደላላው ግን ሌላ መንገድ ያሳያችኋል። ለአንድ ሳምንት ገንዘብ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገብቶ ማስወጣት፣ ወይም የተሠራ ስቴትመንት መግዛት። ለዚህ ቅጣቱ የአንድ ዓመት መከልከል አይደለም። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ ሐሰተኛ ነገር ያቀረበ ሰው ለዕድሜ ልኩ ሊታገድ ይችላል፤ በኋላ በትዳር ወይም በዲቪ ቢመጣም ያው እገዳ ይጠብቀዋል። የዛሬ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በደላላ ምክር የፈረመው ወረቀት አርባ ዓመት ሲሞላውም ፋይሉ ውስጥ አለ። ዲኤስ-160ውን ደላላው ቢሞላው እንኳ «ጥያቄዎቹን አንብቤ ተረድቻለሁ፣ መልሴ እውነት ነው» ብሎ የሚፈርመው አመልካቹ ነው። የይለፍ ቃሉን ለማንም አትስጡ፤ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪና የልውውጥ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል፤ ቅጹም ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀሙባቸውን ገጾች ይጠይቃል። በሌላ ስም የተከፈተ ገጽ መደበቅ ከተለጠፈው ነገር በላይ ሊጎዳ ይችላል። በቁጣ የተጻፈውን፣ ሳይነበብ የተጋራውን አሁኑኑ ተመልከቱ። ስለሱ ብትጠየቁ በእርጋታ እንድትመልሱ ተዘጋጁ።

ወደ አውሮፓ ለስብሰባና ለአጭር ምርምር የምትሄዱ ምሁራንም ተጠንቀቁ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም በመደበኛው አይሰጥም። የግብዣ ደብዳቤው አንድ ወር ሲቀረው የሚደርሰው ተመራማሪ በቀላል ስሌት ተሸንፏል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለሚቀበሉ ጋባዦቻችሁን አጣድፉ። አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ በሸንገን አገር ወይም በብሪታንያ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊም የትራንዚት ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። የጸና የአሜሪካ ቪዛ የያዘ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነፃ ነው፤ ቪዛው ሦስት ወሩን ጨርሶ ከሆነ ግን ትኬት ከመግዛቱ በፊት አየር መንገዱን ይጠይቅ።

አሁን ለአገራችን ባለሥልጣናት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚደራደርባቸው ጉዳዮች ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። የአውሮፓው ውሳኔ ምክንያት ሆኖ የቀረበው ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ላይ የተፈጠረ አለመግባባት ነው፤ ዋጋውን እየከፈለ ያለው ግን በጉዳዩ የሌለበት ተመራማሪ ጭምር ነው። ከብራስልስም ከዋሽንግተንም ጋር ስትነጋገሩ የተማሪዎችንና የምሁራንን ቪዛ ከሌላው ለይታችሁ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። አንዴ ብቻ የሚያስገባው ቪዛ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቢሆን እንኳ የብዙ ሰው ትምህርት ይተርፋል።

የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራሮች ደግሞ ኦሪጅናል ዲግሪና ትራንስክሪፕት በወጪ መጋራት ክፍያና በማኅተም ፍለጋ ለሳምንታት ሲቆይ ከሦስት ወሩ ላይ እየተቆረጠ መሆኑን ይወቁ። የአስመራቂ ተቋሙ የአንድ ሳምንት መዘግየት ተማሪው ዘንድ ሲደርስ የአንድ ዓመት ነው። መምህራኖቻችሁን ለትምህርት ስትልኩ በውሉ ላይ ለመስክ ሥራ የሚመጡበትን ጊዜና የቪዛ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ጻፉ።

በዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችንና በሎስ አንጀለስና በሴንት ፖል ያሉት ቆንስላዎች ይህንኑ የቪዛ ደንብ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ግልጽ ባለ ማስታወቂያ ያውጡት፤ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤቶችም በደብዳቤ ያሳውቁ። ደንቡ ነገ ሊለወጥ ስለሚችል በየጊዜው ይታደስ። መውጣት ያለበትም በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ነው፤ የክረምት ትኬት የሚቆረጠው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ነውና።