ኮራጁ ተቀጣ፣ አስኮራጁስ?

ጥር 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ጉድ አሰማን። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 896 ሺህ 520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ ናቸው አለ። ከመቶ 3 ነጥብ 3 መሆኑ ነው! አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ1 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ለመሆኑ ከዚያ በፊት በየዓመቱ “አለፈ፣ ተመደበ” እየተባለ ሲጨበጨብለት የነበረው ሁሉ በምን አለፈ?

መልሱን ሚኒስቴሩ ራሱ ነግሮናል። ፈተናውን ከየትምህርት ቤቱ አንስቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የወሰደው ኩረጃና ስርቆት ስላስቸገረው ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተበትኖ የዓመቱ ፈተና በሙሉ ሲሰረዝም አይተናል። እርምጃው መወሰዱ ደግ ነው። ግን ማንን ነካ?

አጤሬራ በካልሲው የሸጎጠ ልጅ ሲያዝ ወረቀቱን ተቀምቶ ይባረራል። ይገባዋል እንበል። ነገር ግን አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ተመሳሳይ መልስ የሚያጠቁረው ፈታኙ ጀርባውን ካላዞረ፣ አለቃውም “ልጆቹን አታስጨንቋቸው” ካላለ በምን ተአምር ነው? የትምህርት ቤቴ፣ የወረዳዬ ስም ይጠራልኝ ብሎ ዓይኑን የጨፈነው ሹም ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው። ልጁ ሜዳ ላይ ቀረ፤ ሹሙ ስብሰባ ላይ ስለ ትምህርት ጥራት ያወራል። ድንቄም ጥራት!

እስቲ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ያለችውን ሆሞሻን እንመልከት። የበርታው ልጅ ቤቱ የሚናገረው በራሱ ቋንቋ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ያገኘዋል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። የ1986ቱ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ መውደቅ ሲያዛውረው ኖሯል፤ ማንበብ አለመቻሉን በጊዜው የነገረው ሰው የለም። ከዚያ 12ኛ ክፍል ላይ “በል እንግዲህ ራስህን ቻል” ይባላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው!

“ታዲያ ይኮርጅ ነው የምትለው?” የሚል አይጠፋም። አይደለም! ኩረጃ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት እሱን ነው። የተሰረቀ ፈተና ገንዘብ፣ ኔትዎርክና ዘመድ ያለው ዘንድ ቀድሞ ይደርሳል። በላቡ ያጠናው የሆሞሻ ልጅ ግን ቦታውን ይነጠቃል። ጥብቅ ፈተና ለእሱ ጋሻ ነው፤ የተማረ እንደሆነ።

ስለዚህ አንደኛ፣ ያስኮረጀ ፈታኝም አለቃም እንደ ኮራጁ በስሙ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ “ስንት አሳለፍክ?” እየተባለ ርዕሰ መምህር መመዘኑ ይቅር፤ ቁጥር የተጠየቀ ቁጥር ይፈጥራል። ሦስተኛ፣ ኩረጃ የሚያዘው 9ኛ ክፍል ላይ፣ በተራው የክፍል ፈተና ይሁን። የኮረጀው ልጅ ዜሮውን ያግኝ፣ ወላጁ ይጠራ፣ ያልገባውን ተምሮ እንደገና ይፈተን። የያዘው መምህርም “ምን አገባህ?” አይባል።

በ2017 ዓ.ም. ያለፉት 8 ነጥብ 4 በመቶ ደረሱ ተብሎ ደስታ ሆኗል። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ወድቀው ደስታ! እነዚህን ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ “አልፈሃል” እያለ ያዛወራቸው ሰውዬስ መቼ ነው የሚፈተነው?