አሸንፎ የፈረሰው ማኅበር፦ የጆርዳን መምህራን አድማ ምን ያስተምረናል?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2019 በመላው ጆርዳን የሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ሥራ አቆሙ። የትምህርት ዘመኑ ገና መጀመሩ ነበር። አድማው አራት ሳምንት ቆየ፤ በአገሪቱ ታሪክም ረጅሙ የመንግሥት ሠራተኞች አድማ ተባለ። መጨረሻው የመምህራኑ ድል ነበር፤ የደመወዝ ጭማሪውን አገኙ፣ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ግን የማኅበሩ ጽሕፈት ቤቶች ታሸጉ፣ መሪዎቹም ታሰሩ። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያሸነፈ ማኅበር ስለምን ፈረሰ? ጉዳዩ የጆርዳን ብቻ ስላልሆነ ከሌሎች አገሮችና ከራሳችንም ሁኔታ ጋር አያይዘን እንመልከተው።

ከመነሻው እንጀምር። በጆርዳን የመንግሥት መምህራን ለረጅም ዘመን ማኅበር አልነበራቸውም። በ1994 ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ከፍተኛ ምክር ቤት ለእነሱ ማኅበር ማቋቋም ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ በሩን ዘግቶት ነበር። በ2010 መምህራኑ በየከተማው ተነሱ። ቀጥሎ የመጣው የዓረቡ ዓለም ሕዝባዊ ንቅናቄም መንግሥትን ወደ መደራደር ገፋው። በ2011 የማኅበሩ ማቋቋሚያ ሕግ ወጣ፣ በ2012 ደግሞ የመጀመሪያው ምርጫ ተካሄደ። ከመቶ ሺህ በላይ አባላት ያሉት ማኅበር ማለት ከጦር ኃይሉ ውጭ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የተደራጁ ስብስቦች አንዱ ማለት ነው። መንግሥት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ያየውም ለዚህ ነው።

የ2019ኙ ጥያቄ የ50 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ነበር። ማኅበሩ ይህ በ2014 የተገባልን ቃል ነው ሲል መንግሥት ደግሞ እንዲህ ያለ ቃል አልገባሁም አለ። ሴፕቴምበር 5 መምህራኑ አማን ውስጥ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሊያመሩ ሲሉ ፖሊስ መንገድ ዘጋባቸው፣ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ጥቂቶቹንም አሰረ። ከሦስት ቀን በኋላ አድማው ተጀመረ። በጥያቄዎቹ ዝርዝር ላይም ከጭማሪው ጎን ሌላ ጥያቄ ተጨመረ፤ ለደረሰብን ውርደት ይቅርታ ይጠየቀን የሚል። ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም። በሙስሊሙ ዓለም መምህር የሚከበር ሰው ነው ይባላል፤ ወር ሲያልቅ ግን ከሚያስተምራቸው ልጆች ወላጆች ተበድሮ ይኖራል። አድማው በንግግር ክብርና በተግባር ክብር መካከል ያለውን ይህን ርቀት አደባባይ አወጣው።

የመንግሥትም ችግር የውሸት አልነበረም። የጆርዳን የሕዝብ ዕዳ ከአገሪቱ ዓመታዊ ጥቅል ምርት ወደ 95 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ፕሮግራም ሥር ወጪ እንዲቀንስም ታዟል። የተጠየቀው ጭማሪ በዓመት 112 ሚሊዮን ዲናር ያስወጣኛል አለ። ለመምህሩ ከሰጠሁ ነርሷም፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛውም ነገ ይጠይቁኛል የሚል ስጋትም ነበረው። በዚያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኡመር ረዛዝ ራሳቸው የቀድሞ የትምህርት ሚኒስትር ናቸው፤ ወደ ሥልጣን የመጡትም በ2018 በግብር ሕጉ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ከእሳቸው በፊት የነበረውን መንግሥት ካወረደ በኋላ ነው። አደባባይ የወጣ ሕዝብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቁ ነበር።

ሴፕቴምበር 29 የአስተዳደር ፍርድ ቤት አድማው እንዲታገድ አዘዘ። መምህራኑ አልተመለሱም። ከሳምንት በኋላ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ እንደየደረጃው ከ35 እስከ 75 በመቶ ጭማሪ ተፈቀደ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ይቅርታ ጠየቁ። ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በኤፕሪል 2020 መንግሥት የመንግሥት ሠራተኞችን የደመወዝ ጭማሪ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አገደ። ማኅበሩ ስምምነቱ ተጣሰ ብሎ ወደ አደባባይ እንደሚመለስ አስጠነቀቀ። ጁላይ 25 ቀን 2020 የጸጥታ ኃይሎች የማኅበሩን ቢሮዎች ወረሩ። ማኅበሩ ለሁለት ዓመት እንዲዘጋ ተወሰነ፣ የቦርድ አባላቱ ታሰሩ፣ ጋዜጦች ስለ ጉዳዩ እንዳይጽፉም ታዘዘ። ዲሴምበር 31 ደግሞ የአማን ፍርድ ቤት ማኅበሩ እንዲፈርስና መሪዎቹ በአንድ ዓመት እስራት እንዲቀጡ ፈረደ። መሪዎቹ በዋስ ቢወጡም ማኅበሩ እንደተዘጋ ቀረ።

በመካከሉ ምን ተለወጠ? የደመወዙ ጥያቄ ያው ነው። የተለወጠው ለጥያቄው የተሰጠው ስም ነው። ለመንግሥት ቅርብ የሆኑ ወገኖች ማኅበሩ በሙስሊም ወንድማማቾች እጅ የገባ መሣሪያ ነው ይሉ ነበር። በዚያው የጁላይ ወር የአገሪቱ ሰበር ፍርድ ቤት የወንድማማቾቹ ድርጅት ሕጋዊ ሰውነት የለውም ብሎ መወሰኑ ለዚህ ወሬ ጉልበት ሰጠው። በማኅበሩ አመራር ውስጥ ለንቅናቄው ቅርብ የሆኑ ሰዎች መኖራቸውን መካድ አይቻልም፤ በየትኛውም ትልቅ ማኅበር ውስጥ የፖለቲካ ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች አይጠፉም። ነገር ግን ሥራ ካቆሙት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን መካከል ስንቱ ነው የንቅናቄ አባል? የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው ጥያቄ በመሪው እምነትና አቋም አይለካም። ሰላማዊ የመብት ጥያቄ የፖለቲካ ስም ሲለጠፍበት ምን እንደሚመስል ለእኛ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች ማስረዳት አያስፈልግም፤ ኖረንበታል።

ይህ ማለት ግን የማኅበራት ኃይል ገደብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የተቃዋሚዎቹን ክርክር በቅንነት እንየው። የፋብሪካ ሠራተኛ ሲያድም የሚከስረው ባለቤቱ ነው። መምህር ሲያድም ግን ሚኒስትሩ ደመወዙን አያጣም፤ የሚከስረው ልጁ ነው። ያውም ሀብታሙ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ስላስገባ ጉዳዩ አይነካውም፤ አራት ሳምንት ቤት የተቀመጠው የድሃው ልጅ ነው። በአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራትን ይደግፉ የነበሩት ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንኳ በ1937 በጻፉት ደብዳቤ በመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ አድማን ተቃውመው ነበር። ይህ ክርክር ዛሬም አልሞተም። ዊስኮንሲን በ2011 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ሠራተኞችን የመደራደር መብት በእጅጉ አጠበበች፤ በ2018 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማኅበር አባል ያልሆነ የመንግሥት ሠራተኛ መዋጮ እንዲከፍል አይገደድም ሲል 5 ለ 4 ወሰነ።

ሆኖም በዚያው በ2018 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የሆነውን እንመልከት። የመንግሥት ሠራተኛ አድማ በማይፈቀድበትና ማኅበራት ደካማ በሆኑበት በዚያ ግዛት የ55ቱም አውራጃዎች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መምህራኑም የ5 በመቶ ጭማሪ ይዘው ተመለሱ። ማኅበርን ማዳከም አድማን አያጠፋም ማለት ነው። እንዲያውም አድማው ሲነሳ መንግሥት ቁጭ ብሎ የሚደራደረው ሰው ያጣል።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ሌላውን ገጽታ ታሳየናለች። በ2015 ፍርድ ቤት ለመምህራን ከ50 እስከ 60 በመቶ ጭማሪ ወሰነ። መንግሥት አልከፍልም አለ። አምስት ሳምንት ትምህርት ቆመ። በኖቬምበር የይግባኝ ፍርድ ቤት ጭማሪውን ሻረው። ከዓመታት በኋላ ትልቁ የመምህራን ማኅበር ከቀጣሪው ኮሚሽን ጋር ሲጋጭ የአባላቱ ቁጥር ከ180 ሺህ በላይ ከነበረበት ወደ ጥቂት አሥር ሺዎች ወረደ። መሣሪያው ቀላል ነበር፤ መዋጮው የሚቆረጠው በቀጣሪው የደመወዝ መዝገብ ነው፤ መዝገቡን የያዘ የማኅበሩንም ጉሮሮ ይዟል።

ከሦስቱ አገሮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። በመንግሥት ሥራ ውስጥ ቀጣሪው፣ ሕግ አውጪውና ፖሊሱ አንድ ወገን ናቸው። ስለዚህ ገለልተኛ ዳኛ ከሌለ ማኅበሩ ቢያሸንፍም ድሉ ቀጣሪው እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ይቆያል። መፍትሔው አድማን መከልከል ወይም ያለ ገደብ መልቀቅ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት ባለሙያዎች አቋም መካከለኛውን መንገድ ያሳያል፦ መምህራን የማደም መብት አላቸው፤ አድማው ሲረዝም ግን ተማሪው እንዳይጎዳ ዝቅተኛ አገልግሎት እንዲቀጥል ሊደረግ ይችላል። በዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ የግልግል አካል ሲጨመር ልጁም መምህሩም ይጠበቃሉ።

በእኛ አገር የመምህራን አድማ ታሪክ ሠርቷል። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የትምህርት ፍኖተ ለውጡን ተቃውመው ሥራ ያቆሙት መምህራን የዘውዱን ሥርዓት ካናወጡት ቀዳሚዎቹ ናቸው። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ ግን በሕግ ይወሰናል ይላል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም። መምህሩ በሁለቱ መካከል ቆሟል። የኑሮ ውድነት ሲያንገበግበው ጥያቄውን የሚያቀርብበት የታወቀ በር ካላገኘ ወይ ዝም ብሎ ሙያውን ይለቃል፣ ወይም የጆርዳኑ ዓይነት ግጭት ይፈጠራል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የሠራተኛ ክፍያ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ የታዘዘ ኡማ ነን። መንግሥታትን በዚህ ሚዛን ስንመዝን የየመስጂዱ መድረሳ ኡስታዞችና የራሳችን ትምህርት ቤቶች መምህራን በምን ውል እንደሚሠሩ፣ በስንት እንደሚኖሩ፣ ክፍያቸው ሲዘገይ ለማን አቤት እንደሚሉ መጠየቅ አለብን። ብዙዎቹ አያድሙም፤ ለአላህ ብለን ነው የምናስተምረው ይላሉ። ይህ ኢኽላስ ለእነሱ አጅር ነው፤ ለእኛ ግን ደመወዛቸውን ለማሳነስ ሰበብ ሊሆነን አይገባም። የመስጂድና የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች የጽሑፍ ውል፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝና ቅሬታ የሚሰማ አካል ከዛሬ ጀምሮ ማዘጋጀት ይችላሉ። ለዚህ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም።