ልጆቿ በሁለት ወገን የተሰለፉባት እናት

በዛሬው ዓምዳችን የዘፋኟን የወይዘሮ ኤርነስቲን ሹማን ሃይንክን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። እኒህ ሴት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። በ1878 በድሬስደን በኦፔራ፥ ይኸውም በዜማ በሚነገር ቴአትር፥ ማዜም ጀመሩ። የመጀመሪያው ባላቸው ትቷቸው ቢሄድ ልጆቻቸውን በድምፃቸው ዋጋ አሳደጉ። ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1899 በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዜሙ፤ የአገሩንም ዜግነት ተቀበሉ።

በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ቤታቸው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ልጃቸው ለጀርመን፥ ሌሎቹ ለአሜሪካ ተሰለፉ። የጀርመኑም ወታደር በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሳለ ሞተ። ታዲያ እንዲህ ያለች እናት ድል ለማን ይሁን ብላ ትጸልይ? ለዚህ ጥያቄ ከዳኛም ፍርድ አይገኝም። እርሳቸው ግን ኀዘናቸውን በልባቸው ይዘው ለአሜሪካ ወታደሮች አዜሙ።

በ1929 ገንዘባቸው ቢጠፋም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በሰባ ዓመታቸው በ1932 በሜትሮፖሊታን ለመጨረሻ ጊዜ አዜሙ፤ በ1935 በሲኒማ ተጫወቱ፤ በ1936 በሆሊዉድ ዐረፉ።

እኛም፥ ስለ ጦርነት የሚመክር ሰው ሁሉ በወዲያኛውም ወገን የምታለቅስ እናት መኖሯን ቢያስብ መልካም ነው እንላለን።