ጎማ ያለው ቤት እስከ ደራ

 

ከጥቂት ጊዜ በፊት በውጭ አገር የምትኖረው የባለቤቴ እህት አንድ ፎቶግራፍ ላከችልን። ከልጆቿ ኋላ የቆመው ነጭ መኪና ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ ታንከርና መጸዳጃ ያለው ነው። ተከራይተውት ሳምንት ሙሉ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወደ ሌላዋ ሲዞሩበት ሰንብተዋል። ልጆቼ ፎቶውን እየተቀባበሉ «እኛስ መቼ ነው?» አሉ። የባለቤቴ እናት ግን (ልጆቹ በኦሮምኛ «አኮ» ይሏቸዋል) ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መጸዳጃው እውነት ውስጡ ነው?»

ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። ማፈሬ በኋላ መጣ።

ቤትን ጭኖ መጓዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፈረንጆች ጎማ ያለውን ቤት የሚጠሩበት «ካራቫን» የሚለው ቃል ራሱ ከፋርስ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ ትርጉሙም አብሮ የሚጓዝ የነጋዴ ጓድ ማለት ነው። የእኛም ሲራራ ነጋዴዎች ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን በበቅሎና በግመል ጭነው ከገበያ ገበያ ሲዘልቁ ኖረዋል። በጀርመን አገር ቮልስዋገን ሳጥን መሳዩን መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1950 ሲያወጣ፣ በዓመቱ ዌስትፋሊያ የተባለው ድርጅት አልጋና ቁም ሣጥን ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ዓይነት መኪና መዝናናት ለመደ።

ለመሆኑ እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ ከየት ያገኘዋል? ለኪሳችን የቀረበው ከነሾፌሩ በቀን የሚከራይ ሚኒባስ ነው። ነገሩን የገፋንበት ምክንያት ደግሞ ሽርሽር ብቻ አልነበረም። አኮ የተወለዱት በአርሲ ዞን፣ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በደራ አካባቢ ነው። ታናሽ እህታቸው ዛሬም እዚያው ናቸው። አኮ ግን አገራቸውን ከረገጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። «እንሂድ» ባልናቸው ቁጥር «ጉልበቴ ነው፣ ሌላ ጊዜ» ይሉን ነበር።

ፎቶው የመጣ ዕለት ማታ ብቻችንን ስንሆን እውነቱን ነገሩኝ። «ልጄ፣ ስኳር አለብኝ፤ በየሰዓቱ መውረድ ያሻኛል። አውቶቡስ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው አስቁሙልኝ ልበል? መንገድ ያለብኝ ዕለት ከሱብሒ ጀምሬ ውኃ አልቀምስም። ባለፈው ስመለስ ራሴን ስቼ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።» ስኳር ላለበት ሰው ውኃ መከልከል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሐኪም ሁሉ ይናገራል። እኛ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጉልበታቸው ስናመካኝ ኖርን። በይሉኝታ ምክንያት ስንት ሽማግሌና አሮጊት ከዘመድ ተቆርጦ ይሆን?

እንግዲህ ለጥር የትምህርት እረፍት ሚኒባስ ለሦስት ቀን ተከራየን። የኋላውን ወንበር አጥፈን ፍራሽ አነጠፍን። ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ጀበና፣ ሰጋጃ፣ አጎበር፣ ከሸራ የተሰፋ መጋረጃና ባለክዳን ባልዲ ጫንን። ፈረንጅ በዶላር የሚገዛው መጸዳጃ ለእኛ ይኸው ሆነ። ደራ ያሉትን ዘመዶች ደውለን የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ጠየቅን። ይህን ማንም መንገደኛ ሊዘነጋው አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ ቢያቀላጥፍም በፈለጉበት መቆም ስለማይቻል፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ያለውን አሮጌውን መንገድ ያዝን። አኮ አራት ጊዜ ወረዱ። ሾፌሩ ጨዋ ልጅ ነበር፤ «እናቴ፣ ሲፈልጉ ይንገሩኝ» ብሏቸው ገና ሳይጠይቁት ጥላ ያለበትን ቦታ እየመረጠ ይቆምላቸው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገድ ላይ ውኃ ሲጠጡ አየኋቸው።

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ አዋሽ መልካሳ ደረስን። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። የቦሎቄና የበቆሎ ዝርያዎችን የሚያወጣው የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚህ ነው። ከዚያ ወደ ሶደሬ ጎራ ብለን አኮ ጉልበታቸውን በፍል ውኃው ታጠቡ። ልጆቹ ደግሞ ዳቧቸውን ለጦጣ አስረክበው አለቀሱ። ዝሁርንና ዐስርን አሳጥረንና አጣምረን እዚያው ሰገድን።

ደራ ስንደርስ የአኮ እህት ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሁለቱ አሮጊቶች ሲተቃቀፉ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ማታ መኪናው ውስጥ ለማደር መሰናዳታችንን ሲያዩ ግን አክስታችን ክፉኛ ተቀየሙ። «ቤት የለኝም ወይ? ጎረቤት ምን ይለኛል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያ ነጭ መኪና የተሠራው ማንንም ሳያስቸግሩ ለማደር ነው፤ እኛ ግን የመጣነው ዝምድናችንን ለመቀጠል ነበር። ፍራሹን አውርደን ከቤት ገባን፤ መኪናው ውስጥ ያደረው ሾፌሩ ብቻ ነው።

በነጋታው አኮ የልጅነት መንገዳቸውን አሳዩን። በልጅነታቸው እንስራ አዝለው ከአዋሽ ውኃ ሲቀዱ፣ በሌሊት ወጥተው የሚመለሱት ፀሐይ ከከረረች በኋላ ነበር። እርሳቸው ተድረው ከሄዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በስዊድን ድጋፍ ለዶዶታ ወረዳ የቧንቧ ውኃ ሲዘረጋ ሴቶች በግንባታውም በአስተዳደሩም ዋና ተሳታፊ ሆኑ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ ይህም የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንትም ይጎዳል፣ ማፍላትም አያስወግደውም። ልጄ ለዉዱእ ጀሪካኑን ሲያንደቀድቅ አኮ እጁን ያዙት። «በኔ ጊዜ ይህ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር» አሉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ ያህል ውኃ፣ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር ስንቴ አስተምሬዋለሁ! የገባው ግን ያን ዕለት ነው።

ችግር የገጠመን በሦስተኛው ቀን ነው። ከደራ አጠገብ ያለውን፣ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነውን ዲልፈቃርን ለማየት ስንነሳ፣ የመኪናው ባለቤት በስልክ «ውላችን በአስፋልት ብቻ ነው» አለ። ባለቤቴ «በአካባቢው ሁሉ ብለሃል» ብሎ ሞገተው። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገሩን በቃል ብቻ ተነጋግረው እያንዳንዱ የመሰለውን ይዞ ቀርቷል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ብድርን መጻፍና ማስመስከርን የሚያስተምር መሆኑን እያወቅን፣ ሦስት ቀን የሚፈጅ ኪራይ ያለ ወረቀት ተዋዋልን! ዑለማዎች በኪራይ ላይ ዋጋው፣ አገልግሎቱና ጊዜው የታወቀ ይሁን የሚሉት እንዲህ ያለውን ጭቅጭቅ ለማስቀረት ነው። በመጨረሻ ጥቂት ብር ጨምረን በሰላም ተስማማን። በቁጥቋጦው መካከል ጠምዛዛ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ የቆመውን አጋዘን ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ተመለከቱ።

ውድ አንባቢያን! መኪና ስትከራዩ ነዳጅ በማን እንደሆነ፣ ፒስታ መንገድ ይጨምር እንደሆነ፣ የሾፌሩ ምግብና ማደሪያ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚያሠራ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ፈርሙ። ሌሊት አትጓዙ። ለቆላ አገር አጎበር፣ ለስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱንና ውኃውን አትርሱ። ሚኒባስ ለመከራየት አቅማችሁ ካልፈቀደ ደግሞ ከዘመድ ጋር ተዋጡ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቤታችሁ ውስጥ «ጉልበቴን ያመኛል» እያሉ የሚቀሩትን እናት ወይም አባት ብቻቸውን ስታገኟቸው ቀስ ብላችሁ ጠይቋቸው። አኮ አሁን «ለመውሊድ ነው ወይስ ለዒድ የምንሄደው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ኢንሻአላህ እንሄዳለን፤ ባልዲው ታጥቦ ተቀምጧል።