ሥጋ ሲርገበገብ፦ ከጃናሞራ ጎንደር የሚያስኬድ ፍርሃት

የዓይን ቆብ ርግብ ርግብ ሲል ድሮ ትርጉም ነበረው። ከላይ ከሆነ የራቀ ዘመድ ሊመጣ ነው፣ ከታች ከሆነ ለቅሶ አለ ይባላል፤ ፍቺው እንደየሰፈሩ ይገላበጣል። ደግነቱ ንግርቱ ዕድሜ የለውም፤ ዘመድ መጣም ቀረም በማግስቱ ይረሳል። ዛሬ ግን ያው ሰው ስልኩን ከፍቶ «ጡንቻ ለምን ይርገበገባል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስልኩም ስቴፈን ሆኪንግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሳየዋል። ይሄኛው ንግርት በማግስቱ አይረሳም።

ጦርነት፣ ድርቅና የመድኃኒት እጥረት ባለበት አገር የባት መርገብገብ ምን ወሬ ይሆናል የሚል አይጠፋም። ሂሳቡን ማየት ይበጃል። ከጃናሞራ ገጠር ቀበሌ የሚነሳ ሰው በእግሩ መካነ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ መኪና ካገኘ የቧሂትን ከፍታ ተሻግሮ፣ በሳንቃበር በኩል ደባርቅ ይገባል። ደባርቅ ላይ «ጎንደር ሂድ» ከተባለ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። መሳፈሪያው፣ አልጋው፣ ምርመራው ተደምሮ በግ ያሸጣል። ጎንደርም ደርሶ የሚሰማው ብዙ ጊዜ «ምንም የለብህም» የሚለውን ብቻ ነው። ምንም ከሌለበት ታዲያ ባቱ ላይ በዓይኑ የሚያየው ምንድን ነው? ስለዚህ ተመልሶ ይሄዳል፤ ሌላ በግ ይሸጣል።

በመሃል ያሉት ጣቢያዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ ክሊኒክ ደም ቀድቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ይላል። (በነገራችን ላይ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ድሮ ለተጋለጠ ሰውም «አለብህ» ሊል እንደሚችል ባለሙያዎች ያውቃሉ፤ ውጤቱ ግን በየከተማው እንደ ዳኛ ፍርድ ይጠበቃል።) ኪኒኑ አልቆ መርገብገቡ ካልቆመ «ነርቭ ነው» ይከተላል፤ ቀዩ የቢ ቫይታሚን መርፌ ይታዘዛል። ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው መርፌው መድኃኒት ነው። ላልጎደለው ግን የሚያተርፍለት ነገር «መርፌ የሚያስፈልገው በሽታ አለብኝ» የሚል እምነት ነው።

የነገሩ አሠራር ይህን ያህል ምሥጢር አይደለም። በአንድ ጡንቻ ውስጥ ጥቂት ክሮች በራሳቸው ሲኮማተሩ ከቆዳ ሥር ትል የሚሄድ ይመስላል። አብዛኛው ጤነኛ ሰው በሆነ ጊዜ ያጋጥመዋል፤ ባቱ ላይ፣ ዓይኑ ላይ፣ አውራ ጣቱ ላይ። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከባድ ሥራና ድንጋጤ ያባብሱታል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ምሽት ላይ ሦስቱንም የጠጣ ሰውማ ሌላ ምክንያት ባይፈልግም ይችላል። አሜሪካ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ መርገብገብ እንጂ ድክመት ያልነበረባቸውን 121 ሰዎች ከ2 እስከ 32 ዓመት ተከታትሎ በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ይፋ አድርጓል። ሆኪንግ የነበረበት በሽታ የያዘው አንድም ሰው አልተገኘም። በሽታው ራሱ በአውሮፓ ከ100,000 ሰው በዓመት 2 ወይም 3 ሰው የሚይዝ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚታወቀው በድክመት ነው። እርፍ የሚጨብጥ እጅ ይከዳል፣ እግር ይጎተታል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ይህን ሁሉ የሚያውቁት የሕክምና ባለሙያዎች እንኳ ባታቸው ሲርገበገብ ይደነግጣሉ፤ የእነሱ ፍርሃት በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ራሱን የቻለ ስም እስከ ማግኘት ደርሷል።

እዚህ አካባቢ ፍርሃቱን ያመጣው ኢንተርኔት ብቻ ነው ማለት ግን ስህተት ይሆናል። ከደጋው ቁልቁል፣ ደምቢያና ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጓያ ብዙ ጤነኛ ገበሬ በምርኩዝ አስኪዷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሳሰሉ የነርቭ ሐኪሞች ለዓመታት ያጠኑት ይህ ሽባነት የሚጀምረው በእግር መክበድ፣ በጡንቻ መሸማቀቅና በድክመት ነው፤ የሚመጣውም ሌላ እህል ጠፍቶ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። አንዴ ከመጣ አይመለስም። ስለዚህ በ2015 እና 2016 ድርቅ ከጎዳቸው ከጃናሞራ፣ ከበየዳ ወይም ከጠለምት የመጣን ሰው «ባለፉት ወራት ምን ስትበላ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ጤና መኮንን ስልኩ የማይጠይቀውን ጠይቋል። አንዲት ጥያቄ ናት፤ ገንዘብ አታስወጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» መሆን አለበት። በ2013 ነሐሴ ማብቂያ ላይ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ላይ በርካታ ሲቪሎች ተገድለዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ዳግም ግጭት ውስጥ ነው። ተኩስ እያዳመጠ የሚያድር ሰው ሰውነቱ ጠዋትም ዘብ እንደቆመ ነው፤ ትንሿን እንቅስቃሴ ሁሉ ይሰማል። ባቱ ሲርገበገብ ይደነግጣል፣ ድንጋጤው መርገብገቡን ይጨምራል፣ እሱም ሱሪውን ሰብስቦ በቀን ሃያ ጊዜ ያያል። ጉልበቱን ለመፈተን ድንጋይ ያነሳል፤ ጡንቻው ሲዝልበት «ይኸው ደከመ» ይላል። ምርመራው ንጹሕ ሲሆን ለሦስት ቀን ያርፋል፣ በአራተኛው «ባያዩትስ?» ይመጣል። ይህን ሰው አሥረኛ ምርመራ አያድነውም። የሚጠቅመው አንድ ጊዜ በደንብ መመርመር፣ ከዚያ መፈተኑንና ስልክ ላይ መፈለጉን እየቀነሱ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ ነው። ጭንቀቱ ከበረታም የታወቀ ሕክምና አለው።

ችግሩ «ጭንቀት ነው» ሲባል የሚሰማው «አብደሃል» ወይም «ውሸትህን ነው» ተብሎ ነው። «ነርቭ» የሚለው ቃል የተወደደውም ለዚህ ይመስላል፤ ሰውዬውን አያዋርደውም። እውነትም አለው፤ የሚተኩሰው ነርቩ ነውና። እንግዲያው ቃሉን ለመርፌ ማዘዣ ከማዋል ለማስረዳት ማዋል ይሻላል፦ «አባቴ፣ ነርቭዎ ደክሞ ነው እንጂ አልተበላሸም። ጉልበትዎን ለክቼዋለሁ፤ ሙሉ ነው።» ጠበል የሚሄድም ይህን ይዞ ቢሄድ ምንም አይጎልበትም።

ለዚህ ማብራሪያ አሥር ደቂቃ ያስፈልጋል። አሥር ደቂቃው ደግሞ በነጻ አይገኝም። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረን ብለው ሲነሱ ነገሩ የኪስ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ተወራ። በር ላይ መቶ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው፣ የቤት ኪራይ የሚያሳስበው ሐኪም ግን «ምንም የለብህም» ብሎ ቀጣዩን ቢጠራ አይገርምም። ዳባት ላይ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ይመዘግባል፤ ቤት ድረስ ሄዶ መጠየቅ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ጎጆውን ታውቀዋለች። መርገብገብ ብቻውን ያለበትንና ድክመት ያለበትን ለይታ እንድትልክ ማሠልጠን ከበጎቹ ዋጋ አይበልጥም።

የምትለየውም ብዙ አይደለም። እጅ ወይም እግር ከከዳ፣ ጡንቻ ከሟሸሸ፣ መዋጥ ወይም መናገር ካስቸገረ ሰውዬው ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ቁስል ካለው ሰው መንጋጋ ከተቆለፈ፣ ወይም ፀረ ተባይ ሲረጭ ወይም እህል ውስጥ ሲጨምር የዋለ ሰው ሥጋው እየተርገበገበ ላብና ምራቅ ካጥለቀለቀው፣ ያ በዚያችው ሰዓት መኪና የሚፈለግለት ድንገተኛ ነው። ከዚህ ሁሉ ነጻ የሆነው ሰው ደግሞ «ሂድ» ብቻ አይባል፤ ቡናውን እንዲቀንስ፣ እንዲተኛ፣ ከሁለት ወር በኋላም እዚያው ጤና ጣቢያ መጥቶ ጉልበቱን እንዲያስለካ ቀን ተቆርጦለት ይሸኝ።