ታላቁ ሣህን ለማን ነው?



ስለ ከዋክብት ምርምር በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ በተነሣሁ ጊዜ አንድ ወዳጄ «አንተ በመሰላ ተቀምጠህ ስለ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ምን አገባህ?» ብሎኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ እንዲያውም የምጽፈው ለዚሁ መልስ ለመስጠት ነው። በእኔ አስተያየት አንድ ታላቅ የምርምር ጣቢያ ሊመዘን የሚገባው በሣህኑ ስፋት ሳይሆን፣ በሩቅ ያለውን ሰው፣ ይልቁንም ተማሪውን፣ ወደ ሥራው በማስገባቱ ነው።

መሣሪያው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልግለጽ። በሰማይ ያሉ አካላት ለዓይን ከሚታየው ብርሃን ሌላ የራዲዮ ሞገድም ይልካሉ። ሞገዱ ወደ እኛ ሲደርስ እጅግ የደከመ ስለሆነ፣ እርሱን ለማጠራቀም ሰፊ ሣህን ያስፈልጋል። በፖርቶ ሪኮ በ1956 ዓ.ም. የተመረቀው የአሬሲቦ ሣህን ወርዱ 305 ሜትር ነበር፤ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በላዩ ተንጠልጥሎ የነበረው ከባድ መሣሪያ ወድቆበት ተሰበረ። በቻይና አገር በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደግሞ 500 ሜትር ነው። በአህጉራችንም ደቡብ አፍሪካ ካሩ በሚባለው ደረቅ ምድር ላይ ሚርካት የተባለውን ጣቢያ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስትመርቅ፣ እያንዳንዳቸው 13.5 ሜትር የሆኑ 64 ሣህኖች አቁማ ነበር።

እንግዲህ ይህን የመሰለ መሣሪያ ማን ይሠራበታል? ጣቢያዎቹ በየጊዜው ጥሪ ያወጣሉ። ተመራማሪው ምን ለማየት እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደሚፈልግና ስንት ሰዓት እንደሚበቃው ጽፎ ያቀርባል፤ ሌሎች ሊቃውንትም የቀረበውን መርምረው ይመዝናሉ። በቺሊ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ባለው አልማ በሚባለው ጣቢያ፣ መዛኞቹ የአመልካቹ ስምና የሥራ ቦታ አይነገራቸውም። (ይህ ሥርዓት ከሰማይ ምርምር ውጭም ለብዙ ነገር ይበጅ ነበር።) ሰዓት የተፈቀደለት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ስፍራው መሄድ አያስፈልገውም፤ የጣቢያው ባልደረቦች ሥራውን ያከናውኑለትና የተመዘገበውን ይልኩለታል፤ አጠቃቀሙን ያልለመደውንም ይረዱታል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተመዘገበው ነገር ለአመልካቹ ብቻ ሆኖ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ፣ በብዙ ጣቢያዎች ለአንድ ዓመት ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ፣ ሊመረምረው ለሚፈልግ ሁሉ ያለ ዋጋ ክፍት ይሆናል። የዚህን ጥቅም በአንድ ነገር ላሳይ። በአውስትራሊያ የሚገኘው 64 ሜትር የሆነው የፓርክስ ሣህን በ1993 ዓ.ም. አንድ ብርቱ የራዲዮ ብልጭታ መዝግቦ ነበር። ብልጭታው የቆየው ከአንድ ሴኮንድ መቶኛ ክፍል ላነሰ ጊዜ ነውና ማንም ልብ ሳይለው ቀረ። ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚማር ዴቪድ ናርኬቪች የተባለ ተማሪ፣ መምህሩ ዳንካን ሎሪመር ያንን አሮጌ መዝገብ እንዲፈትሽ ሰጥቶት ሲመረምር አገኘው። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሊቃውንት የእንዲህ ያለውን ብልጭታ ምንጭ በመፈለግ ተጠምደዋል። ተማሪው አዲስ ሣህን አላሠራም፤ ወደ አውስትራሊያ መሄድም አላስፈለገውም። የተከፈተ መዝገብና የሚመራ መምህር በቁት።

የካሩም ነገር ለእኛ ትምህርት አለው። ለሚርካት ቅርብ የሆነችው ካርናርቮን በግ አርቢዎች የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ናት። ጣቢያውን የሚሠሩት ሰዎች ለከተማይቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብና የሳይንስ መምህር አስቀጥረው፣ ለተማሪዎችም የትምህርት ወጪ ከፍለዋል። «ኮከብ ቆጥሮ ማን ጠገበ?» ለሚሉ ወላጆች የማቀርበው መልስ ይህ ነው፤ ምርምሩ በትክክል ሲመራ በመጀመሪያ የሚያፈራው ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ነውና።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ከብዙ ድካም በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እነዚህ የሚሠሩት በብርሃን ስለሆነ የክረምት ደመና ያግዳቸዋል፤ የአዲስ አበባም መብራት ያውካቸዋል። የራዲዮ ሞገድን ግን ደመና እምብዛም አያግደውም። ስለዚህ አንዳንዶች «እኛም ታላቅ የራዲዮ ሣህን እንትከል» ይላሉ። ጋና በ2009 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተባብራ፣ ለስልክ መገናኛ ያገለግል የነበረውን 32 ሜትር አሮጌ ሣህን ለከዋክብት ምርምር አውላዋለች። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በሱሉልታ ያለው የሳተላይት መገናኛ ጣቢያም ከዚህ አንጻር ቢጠና አልጠላም። ሆኖም ሣህኑ ከመተከሉ በፊት የሚሠራበት ሰው ሊዘጋጅ ይገባል እላለሁ። ለዚህም ብረትና ሲሚንቶ ሳይሆን፣ ኮምፒዩተር፣ የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት፣ እንዲሁም መዝገቡን ማንበብ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ደግሞ ከእንጦጦ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። በጭሮ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። አንድ ክፍል ለዚህ ሥራ ተለይቶ፣ ከመሰላና ከአካባቢው ከተሞች የሚመጡ ጥቂት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው የተከፈቱትን መዛግብት መመርመር ቢለማመዱ፣ ወጪው ከአንድ ሣህን መሠረት ዋጋ እጅግ ያነሰ ይሆናል። እንጦጦም በበኩሉ ከበጋ ሌሊቶች ጥቂቱን ከአዲስ አበባ ርቀው ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ቢመድብ፣ ተማሪዎቹም እንደ ሊቃውንቱ ምን ለማየት እንደሚፈልጉና ለምን እንደሚፈልጉ ጽፈው ቢወዳደሩ፣ ሥርዓቱን ከልጅነታቸው ይማሩታል።

የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክበብ ይህን የሚጠይቁ ሁለት ደብዳቤዎች አዘጋጅቷል፤ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው፣ ሁለተኛው ለእንጦጦ። በሁለተኛው ውስጥ ልናየው የምንፈልገውን ኮከብና ምክንያታችንን ጭምር ጽፈናል። ሁለቱም ክረምቱ ሳይገባ ይላካሉ፤ በጥቅምት ደመናው ሲገፈፍ መልሱን እንጠብቃለን።