«ክሊር?» ሲባል «የስ!»

መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ይልና «ክሊር?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ!» ይላል። ግማሹ ግን አልገባውም። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብትገቡ ይህን ትሰማላችሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ቋንቋውን ለዓመታት ተምሯል፤ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ለማለት ግን አንደበቱ አይፈታም።

በእኔ እምነት የምናስጠናው ዓረፍተ ነገር ነው ችግሩ። «ሃው አር ዩ?» ሲባል «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ»፣ ከዚያ ጸጥ። ፈተናውም መልስ ማጥቆር ብቻ ነው።

ድፍረት የሚሰጡት ሲጨንቅ የሚያወጡ ጥቂት አባባሎች ናቸው። «ሶሪ፣ ካን ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ማለት ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ ነው። «ሌት ሚ ቲንክ» ማለት አንዴ ላስብበት። «ሃው ዱ ዩ ሴይ ‹ጎመን› ኢን ኢንግሊሽ?» ብሎ ደግሞ የጠፋችውን ቃል በአማርኛ ሰክቶ መጠየቅ ይቻላል። እነዚህን የያዘ ልጅ ወሬው መሐል ላይ ቢቆምበት መልሶ ይቀጥለዋል።

በነገራችን ላይ «ጊቭ ሚ ዋተር» የሚል ልጅ ባለጌ አይደለም። በአማርኛ «ይስጡኝ» ሲል አክብሮቱ እዚያው ግሱ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው «ኩድ ዩ» እና «ፕሊዝ» መጨመር አለባቸው። ይህን የነገረው የለም።

«የገጠር ልጅ ምላሱ አይታጠፍለትም» የሚሉ አሉ። ስድብ ነው፤ ውሸትም ነው። ወልቂጤ ገበያ ጉራጊኛ፣ ቀቤንኛና አማርኛ በአንድ ጠዋት ይነገራል። ቡታጅራ ላይ መስቃንኛ፣ ስልጥኛ፣ ማረቆኛ ይሰማል። አባቶቻችን መርካቶ ሲገቡ አማርኛን በሰዋስው መጽሐፍ አልጀመሩም። «ስንት ነው?»፣ «ቀንስልኝ»፣ «ነገ እከፍላለሁ» ብለው ጀመሩ። አነጋገራቸው ተሳቀበት፤ እነሱ ግን ዕቃቸውን ሸጡ።

ክፍል ውስጥ የሚሳቅበት ልጅ ግን የሚሸጠው ነገር የለውም። «ሺ» ማለት ሲገባው «ሂ» ብሎ አንዴ ከተሳቀበት እስከ 12ኛ ክፍል አፉን ላይከፍት ይችላል። አንዳንዴ መምህሩም አብሮ ይስቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሰበቡ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም። ግን ባልገባው ቋንቋ አራት ዓመት ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ምን እንዲያመጣ ነው የጠበቅነው?

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ልንገራቸው። እነዚያን ሦስት አባባሎች በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉ። መምህራንም «ክሊር?» የሚለውን ትታችሁ «ያልገባችሁ የትኛው ነው?» በሉና አንድ እጅ እስኪወጣ ጠብቁ።